አያ ዘለቀና የኩቴክሷ ምልክት

የአያ ዘለቀን ሞት የሰማሁት ሱቄ ደጃፍ ቁጭ ብዬ የባጃጅ ጎማ ላይ ማስቲሽ ስቀባ ነው። ባለባጃጁ ስልኩን ከጆሮው አንሥቶ «አያ ዘለቀ አረፈ አሉ» አለኝ። እንደ ክርስቲያን «ነፍስ ይማር» ማለት ሲገባኝ አፌ ቀደመኝና «መኪናውን የት ገለበጠው?» አልኩ።

አልገለበጠም። ቤቱ፣ ፕላስቲክ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ምሳ እስኪቀርብ ሲጠብቅ አንገቱን ዘንበል አደረገ፤ በዚያው ቀረ። ከተማችን ንፋስ መውጫ ከሐዘኗ እኩል ተገረመች። ስንት ዘመን «ይኸን ሰውዬ አንድ ቀን ከገደል ነው የምንለቅመው» ስንል ኖረን፣ እሱ ወንበር ላይ ሞቶ ትንቢታችንን ሁሉ መና አስቀረው። ጠላ ቤት ቁጭ ብለው ገደሉን እስከ መምረጥ የደረሱ ሰዎች ነበሩ፤ እነሱማ ሰውየው ቃሉን ያጠፈባቸው ያህል ቅር አላቸው።

እኔ ጎሚስታ ነኝ። ሥራዬ ጎማ መለጠፍ ስለሆነ ሰውን ከፊቱ ይልቅ በጎማው ነው የማውቀው። ጎማው ባንድ ወገን ብቻ የሚያልቅበት ሰው ነገርንም ባንድ ወገን ነው የሚያየው። ጎማው ተልጦ ክሩ እስኪታይ የሚነዳ ሰው ለምሽቱም እንደዚያው ነው። አያ ዘለቀ ግን ከዚህ ሁሉ አይመደብም ነበር፤ የሱ ጎማ በሁሉም ወገን ያልቅና «የምን ጎማ ነው የምትለጥፍልኝ፣ ወረቀት ነው?» ብሎ እኔኑ ይቆጣኛል።

አጭር፣ አንገተ ወፍራም ሰው ነበር። የሱፍ ኮፍያውን በሐምሌም በሚያዝያም አያወልቅም። ጋይንት ውስጥ ከሱ የሚበልጥ ሹፌር ተወልዶ እንደሆነ ብትጠይቁት «ተወልዶ ይሆናል፤ አላደገም» ይላል። መኪናው አይሱዙ ነው ይባላል እንጂ ሞተሩ ከአንዱ፣ ካምቢዮው ከሌላው፣ በሩ ደግሞ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ነበር። ይኸ ምን ዓይነት መኪና ነው ሲሉት የሞተሩን ብቻ ያወራል፤ በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት ፈረስ አጎቴ ነው አለ እንደሚባለው። ሲዋሽ ደግሞ አንድ ምልክት ነበረችው፦ በእጅጌው የፍጥነት መቁጠሪያውን መስታወት ይወለውላል። በዚያ መስታወት ጥራት ብቻ የሰውየውን ጠባይ ማወቅ ይቻል ነበር።

የሚነዳው በራሱ ሃይማኖት ነው። «ዳገት የሞተር ነው፣ ቁልቁለት የእግዚአብሔር» ይላል። ቁልቁለት ላይ ሲደርስ እግሩን ከፍሬኑ ያነሣና፣ መሪ መያዝ ባለበት እጁ ያማትባል። ለምን ፍሬን አትይዝም የሚለው ተሳፋሪ ካለ መልሱ የተዘጋጀ ነው። «ፍሬን ያልቃል፤ ለክፉ ቀን ይቀመጥ።»

ክፉው ቀን መጣና ፍሬኑ የለም። ጨጨሆ ቁልቁለት ላይ አይሱዙውን ከነገብሱ ገለበጠው። ሰው አልሞተም። ጋቢና ውስጥ የነበረችው ሚስቱ እትዬ እንጉዳይ ግን ክንዷ ተሰበረ። ገብስ ከነጠላዋ እያራገፈች በመስኮት ስትወጣ እሱ ኮፍያውን እያስተካከለ «አይዞሽ፣ አልተገለበጥንም፤ ጋደም አልን እንጂ» አላት። ሰዎች እስካሁን በዚህች ንግግሩ ይስቃሉ። እሷ አልሳቀችም። ክንዷን ወጌሻ ካሰረላት በኋላ ቤቷም አልገባች፤ በዚያው ስማዳ፣ አባቷ ቤት ወረደች።

ሽማግሌ ቢላክ ሽማግሌ ተመለሰ። አያ ዘለቀ ኩራቱ ሳይቀንስ ከሳ። እኔ ሱቅ ይመጣና ምንም ያልሆነ ጎማ አስወልቆ «እስቲ ተመልከታት» ይለኛል፤ ሰው አጠገብ ለመቀመጥ ነው። አንድ ቀን ኮፍያውን ዐይኑ ላይ ደፍቶ «ቤቱ ዝም ይለኛል» አለኝ።

በመጨረሻ ነገሩን የያዙት የሁለቱም የንስሐ አባት የኔታ ጥበቡ ናቸው። የኔታ ቤተ ልሔም ዜማ የተማሩ፣ ባሕረ ሐሳብ በቃላቸው የሚያሰሉ፣ ቁጣቸው ግን ከትምህርታቸው የሚቀድም ሰው ናቸው። እንጉዳይ «የሱን መሐላ አላምንም፤ ሲነዳም ይምላል» ስላለች፣ ከመሐላ የሚከብደውን አመጡ። መስቀላቸውን አውጥተው «ከአርባ በላይ ብትነዳ ከኔም የለህም፣ ከቤተ ክርስቲያንም የለህም ብዬ ገዝቼሃለሁ» አሉት። ግዝት ማለት እንግዲህ እንዲህ ነው፤ ጥሰኸው ብትሞት የሚፈታህ የለም። አያ ዘለቀ መስቀሉን ተሳለመ። እንጉዳይም ተመለሰች፤ ስትመለስ ግን በሽማግሌዎቹ ፊት «ይኸ ግዝት ከፈረሰ ሁለተኛ ሰው እንዳትልኩብኝ፤ የሚመጣውን በዱላ ነው የምቀበለው» ብላ ነው።

ከዚያ ወዲያ ጋቢናው ውስጥ ሁለት ሹፌር ሆኑ። እሱ መሪ ይይዛል፣ እሷ የመቁጠሪያውን ቀስት ትጠብቃለች። ቀስቷ ወደ አርባ ስትጠጋ ጉሮሮዋን ትጠራርጋለች፤ አርባ ላይ ስትደርስ በቀለበቷ ዳሽቦርዱን ኳ ታደርጋለች። በቀረው ጊዜ ጸሎት ነው። ከንፋስ መውጫ ሲነሡ የእመቤታችንን መልክእ ትጀምራለች። መልክእ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር ለእያንዳንዱ አካል ሰላምታ እየሰጡ የሚወርዱበት ጸሎት ነው። ስማዳ መንገድ ላይ የገብርኤል ደብር ጽዶች ብቅ ሲሉ እሷ የእመቤታችን እግሮች ጋ ትደርሳለች። እንዲህ ተስማምተው ኖሩ።

ክረምት ሲገባ ነገር ተበላሸ። የስማዳ መንገድ መረሬ ነው፤ ዝናብ ሲነካው መኪና ይውጣል። አያ ዘለቀ የስማዳ ገበያ እንዳይቀርበት ብሎ ከወታደር መኪና የወረዱ ትልልቅ ጎማዎች ይዞልኝ መጣ። ከየት እንዳመጣቸው አልጠየቅሁም፤ እሱም መስታወቱን ሊወለውል አልፈለገም። የጎማውን መከለያ፣ ፓራፋንጎውን በመዶሻ እየመታን፣ የማይገባውን እየቆረጥን ገጠምናቸው። አይሱዙዋ ተረከዝ ያለው ጫማ እንዳደረገች ልጃገረድ ከፍ ብላ ቆመች። እሱ ዙሪያዋን እየዞረ ሲደሰት፣ እኔ አንድ ነገር ልንገረው ብዬ ነገርኩት።

«አያ ዘለቀ፣ ይኸ መቁጠሪያ የሚቆጥረው የጎማውን ዙር ነው እንጂ መንገዱን አይደለም። ጎማው ሲተልቅ ባንድ ዙር ብዙ መንገድ ይሄዳል። ቀስቷ ግን ይኸን አታውቅም። አርባ ስትልህ አንተ ከአርባ አልፈሃል ማለት ነው።»

ጎማውን በእጁ መታ መታ አደረገ። ከዚያ ፊቱ ቀስ እያለ በራ።

«በስንት?»

«እኔ እንጃ። በአራት በአምስት ይሆናል።»

«ተመስገን!» አለ። «ይኸው ጎማ አምስት መረቀልኝ።»

«ግዝቱስ?»

«ግዝቱ ቀስቷ ላይ ነው። ቀስቷ ከአርባ ካላለፈች እኔ ምን አደረግሁ? ጎማ የገዘተ የለ።» ይኸን ብሎ ጋቢና ገባና መስታወቱን በእጅጌው ይወለውል ጀመር።

«እትዬ እንጉዳይ ከጠየቀችኝ አልዋሽላትም፤ ከወዲሁ ልንገርህ» አልኩት።

«እሷን ጎማ ምን አገባት!»

ጎማ እንኳ አላገባትም ነበር፤ ያገባት ጸሎቱ ነው። ከሁለት ገበያ በኋላ ሱቄ መጣች። ቁጭ በይ ብላት እምቢ አለች።

«አንተ፣ ይኸ ጎማ ምን አደረገ?» አለችኝ።

«ምነው እትዬ?»

«ወትሮ የገብርኤል ጽዶች የሚታዩኝ እግሮቿ ጋ ስደርስ ነው። ዛሬ ገና ከጉልበቷ ሳልወርድ ደረስን። ያለፈውም እንዲሁ ነው። እሱን ስጠይቀው ‹ቀስ ብለሽ ነው የደገምሽ› አለኝ። እኔ እመቤቴን ቀስ ብዬም ፈጥኜም አላውቅ። በል ንገረኝ።»

ነገርኳት። ምን ላድርግ? ያቺ ሴት ቆማ ስታይህ ያልሠራኸውንም ትናገራለህ።

በማግሥቱ የኔታ ቤት ተጠራን፤ እኔ በምስክርነት። የኔታ መደብ ላይ ተቀምጠው ጭራቸውን እያወዛወዙ ሰሙ።

«የኔታ፣ ቀስቷ ከአርባ አልፋ ከሆነ አንገቴን ይቁረጡት» አለ አያ ዘለቀ።

«ቀስቷን ማን ገዘተ?» አሉ የኔታ። «ቀስት ነፍስ አላት? ንስሐ ትገባለች? እኔ የገዘትኩት ያንተን እግር ነው።»

«እግሬማ ነዳጅ ነው የሚረግጠው። ፍጥነቱን በምን ያየዋል? ዐይን የለው።»

«በል ዝም በል! ቅኔ ቤት ያልተሸነፍኩትን ከአይሱዙ ጋር አልከራከርም።»

እንጉዳይ በሩ ሥር ቆማ ነበር። «የኔታ፣ እኔ ክርክር አላውቅም» አለች። «እንደ ጨጨሆው ጊዜ ደግሞ ገብስ ውስጥ የምቀበር ከሆነ ዛሬውኑ ይንገሩኝና ጓዜን ልሸክፍ።»

ያኔ አያ ዘለቀ ኮፍያውን አወለቀ። ራሰ በራ መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ መሬት መሬት እያየ «የኔታ እንዳሉ» አለ።

መቁጠሪያውን በትክክሉ ለማረም ካምቢዮው ውስጥ ያለችው ትንሽ ጥርስ መቀየር ነበረባት። እሷን ፍለጋ ባሕር ዳር ድረስ ብንሄድም አትገኝ፤ የዚያ ካምቢዮ ዘመዶች ካለቁ ቆይተዋል። ስለዚህ ያለን አማራጭ እውነተኛው አርባ ቀስቷ የት ስትሆን እንደሚገኝ ፈልጎ መስታወቱ ላይ ምልክት ማድረግ ነው። የኔታ ዐይናቸውን ጨፍነው አሰሉና፣ በአርባ የሚሄድ መኪና አንዱን ኪሎ ሜትር በደቂቃ ተኩል ይጨርሳል አሉ። ለባሕረ ሐሳብ ሰው ይኸ ምን አላት።

ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ሜዳ ላይ ሁለት የኪሎ ሜትር ድንጋዮች አሉ። የሌሎቹን ነገር አታንሡት፤ አንዱ ጠላ ቤት መቀመጫ ሆኖ ተቀምጬበታለሁ። አራታችንም ጋቢና ውስጥ ታጨቅን። አያ ዘለቀ ቀስቷን አርባ ላይ ያዛት፤ እኔ በስልኬ ከመጀመሪያው ድንጋይ እስከ ሁለተኛው ሰዓት ቆጠርኩ። አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

«ይኸ መንዳት ነው መብረር?» አሉ የኔታ። እንጉዳይ አያ ዘለቀን ብቻ አየችው።

እሱ ጮኸ። «ይኸ ሊሆን አይችልም! ጎማው የአውሮፕላን ነው እንዴ?» እኔም በልቤ ትልቁ ጎማ ይህን ያህል ሊያዋሽ አይችልም ብያለሁ። ነገር ግን ስልኩም ያው፣ ድንጋዩም ያው። የኔታ ነገሩን ዘጉት። «ሰው ይዋሻል፣ ቀስት ትዋሻለች፤ ድንጋይ አይዋሽም።»

እየተመላለስን፣ ፍጥነቱን እየቀነስን ደቂቃ ተኩሉን አገኘነው። ቀስቷ ያኔ ሃያ አምስት አካባቢ ነበረች። ምልክቱ እንዳይለቅ ኩቴክስ ይሻላል አልኩ። አያ ዘለቀ መናኸሪያው አጠገብ ካለችው ኪዮስክ ሄዶ ቀይ ኩቴክስ ሲጠይቅ ልጅቷ «ለእጅ ነው ለእግር?» አለችው። «ለመኪና» አለ፤ ከተማው በዚያው ቀን ሰማ። መስታወቱ ላይ ቀይ መስመር አሰመርኩ። የኔታ መስቀላቸውን አሳልመው «ከቀይዋ እንዳታልፍ» አሉት፤ ግዝቱም ከአርባ ወደ ኩቴክሷ ተዛወረ።

የዚያን ክረምት አያ ዘለቀ የጋይንትና የስማዳ መሳቂያ ሆነ። ሠርገኛ በበቅሎ ቀደመው። ተሳፋሪ ወርዶ ውኃ ሽንቱን ሸንቶ፣ ተራምዶ ደርሶ ይሳፈራል። ነጋዴው ገብሱን ለሌላ መኪና ሰጠ። ጠላ ቤት ውስጥ ግጥም ወጣለት፦

የዘለቀ መኪና ምን ያለች ጨዋ ናት፣
አህያ ቢቀድማት እለፊ አለቻት።

እኔ እንዲህ ብዬ ነበር፦ እንጉዳይ ስትኖር ቀይዋን ያከብራል፣ ብቻውን ሲሆን ይለቀዋል። የማውቀው ዘለቀ እንዲያ ነዋ። ያን የሰበረብኝ ደምሌ የሚባል የእስቴ ሹፌር ነው፤ ከእስቴ ከተማ ከመካነ ኢየሱስ እየተመላለሰ የሚሠራና አያ ዘለቀን እንደ አባቱ የሚፈራ ሰው። ጎማ ሊያስለጥፍ መጥቶ «ትናንት ከኋላው ተከትዬው መጣሁ» አለኝ። «ብቻውን ነው። መንገዱ ባዶ ነው። ጡሩምባ ብነፋ፣ መብራት ባበራ፣ ወይ ፍንክች! እንደ ታቦት ነው የሚሄደው። ታመመ እንዴ?»

አልታመመም። እኔም ያን ቀን ሰውየውን በጎማው ብቻ ማወቅ እንደማይበቃ ገባኝ፤ ጎማው እንኳ በዚያ ክረምት ምንም አላለቀም ነበር።

ዝናቡ አልፎ ገብስ ሲታጨድ፣ አያ ዘለቀ አይሱዙዋን ሱቄ ደጃፍ አቆመና ወረደ። ሆዱን ይዞ ይስቃል። እንባው ይፈሳል። እኔ አበደ ብዬ ውኃ ሰጠሁት።

«ድንጋይዋ!» አለኝ። «ያቺ ሁለተኛዋ! እኔ ነኝ ያመጣኋት!»

«የት ያመጣሃት?»

ተቀምጦ ነገረኝ። ዱሮ፣ ገና ረዳት ሳለ፣ እሱና ጌታው ገብስ ጭነው ከወዲያ ማዶ ሲመጡ ከሜዳው በፊት ያለችው ዳገት ላይ መኪናው እምቢ አለ። የረዳት ሥራ ያው የታወቀ ነው፤ መኪናው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ታኮ ድንጋይ ይዞ እየተከተለ ከጎማው ሥር መወሸቅ ነው። ታኮ ቢፈልግ ያገኘው የኪሎ ሜትሯን ድንጋይ ሆነ። ዳገቱ ግርጌ ካለችው ወይራ ሥር ነቀላት። መኪናው ትንሽ ሲወጣ እሱ እያንከባለለ ያደርሳል፣ ይወሽቃል፤ ደግሞ ይወጣል፣ ደግሞ ይወሽቃል። በዚህ ዓይነት ዳገቱን ጨርሰው ሜዳው ላይ ወጡ። ድንጋይዋን እዚያው ጥለው ሄዱ። በኋላ መንገድ የሚጠግኑ ሰዎች ወድቃ ሲያገኟት ቀና አድርገው የወደቀችበት ቦታ ተከሏት፤ ኪሎ ሜትሩም በዚያው አጠረ።

«እንዴት ዛሬ ትዝ አለህ?» አልኩት።

«ስትሮጥ መች ድንጋይ ታያለህ? ይኸው ቀይዋ ስታንፏቅቀኝ አየኋት። አንድ ጥግዋ የተሸረፈ ነው። ያን ጊዜ እግሬ ላይ ወድቃ ነው የተሸረፈችው፤ አውራ ጣቴም እስከ ዛሬ ጥፍር የለው።» ጫማውን አውልቆ አሳየኝ። ምስክር አመጣ ማለት ነው።

ያለ ቀጠሮ ተነሥተን ሄድን። ከመጀመሪያዋ ድንጋይ እስከ ወይራዋ ለካን። እውነተኛው አርባ ቀስቷ ከአርባ ትንሽ ዝቅ ስትል ተገኘ፤ እኔ መጀመሪያ ካልኩት ብዙም አልራቀም። ደስ አለኝ። ከኪሴ ምላጭ አወጣሁና ቀይዋን ልፍቃት መስታወቱን ስነካ እጄን ያዘኝ።

«ተዋት» አለኝ።

«ምነው? ነጻ ወጣህ እኮ!»

መሪውን ሲያሻሽ ቆየ።

«ያለፈው ቅዳሜ እንጉዳይ ተኛች» አለ። «ስማኝማ፤ ጋቢና ውስጥ ተኛች። ያውም ጨጨሆ ላይ፣ ያቺው ጋደም ያልንባት ኩርባ ላይ! አፏን ከፍታ ታንኮራፋለች። ከተጋባን ጀምሮ በመኪናዬ ዐይኗን ስትከድን አይቼ አላውቅም። ከተገለበጥን ወዲህማ ቤትም እየባነነች ነበር። አሁን ከተነሣን ጥቂት ትጸልያለች፣ ከዚያ ጭልጥ ነው።»

«እና?»

«እናማ ብንፍቃት ትነቃለቻ።»

ምላጩን ኪሴ ከተትኩ። ስንት ዘመን የተጨቃጨቅሁትን ሰውዬ ያን ቀን ወደድኩት። እሱ ግን ፍቅሬን አላስቆየውም፤ ወዲያው ጣቱን ቀስሮ «ለሷም ለየኔታም ትንፍሽ ብትል ጎማዬን ሌላ ጋ ነው የማስለጥፈው!» አለኝ። በቀይዋ ላይ ሆኖ እየተንፏቀቀ ወደ ከተማ መለሰኝ። መንገድ ላይ ከገበያ የሚመለሱ ሁለት ሴቶች ቀደሙን። ሰላምታም ሰጡን።

እስኪሞት አላለፋትም። ሲሰድቡት ይሰድባል፣ ሲስቁበት ኮፍያውን ያስተካክላል። «ለምን ቀስ ትላለህ?» ለሚለው ሁሉ «ግዝት ነዋ!» ብሎ መስታወቱን በእጅጌው ይወለውላል። ሰው ልማድ መስሎት ያልፍ ነበር።

ቀብሩ በትውልድ ቦታው፣ እስቴ ይሁን ተባለ። ሬሳው በራሱ አይሱዙ ተጫነ። የኔታና ካህናቱ ጥላቸውን ዘርግተው ከላይ፣ ዘመድ አዝማድ በሌላ መኪና ከኋላ፤ ጋቢና ውስጥ እንጉዳይ በመሐል፣ እኔ በዳር። ደምሌ ነው የሚነዳው። ለክብሩ ብሎ ቀስቷን ልክ ቀይዋ ላይ አድርጎ እንደ ታቦት ይዞን ሄደ። እስቴ ሰው ተሰብስቦ እየጠበቀ ነው፤ ስልክ በስልክ ላይ ይጮሃል። ደምሌ ቀይዋን ብቻ እያየ ስልኩን አያነሣም።

እንጉዳይ መልክኡን ጀምራ ጨረሰች። እንደገና ጀመረች። መሐሉ ላይ አቁማ መስታወቱን አየችው።

«ምስኪን፣ ሳያውቅ ሄደ» አለች።

«ምኑን እትዬ?»

«ቀይዋ ከአርባ በታች መሆኗን ነዋ። እኔማ ካሠመራችኋት ቀን ጀምሮ ነው ያወቅሁት። ወትሮ እግሮቿ ጋ ስደርስ የሚታዩኝ ጽዶች፣ ከዚያ ወዲህ ጨርሼ፣ ደግሜ ጀምሬ፣ ደረቷ ጋ ስደርስ ሆነ የሚታዩኝ። ድንጋይ ይዋሽ እንደሆነ እንጂ መልክእ መች ይዋሻል? ዝም አልኩ። ብነግረው ይሮጣላ! እንቅልፍ የወሰደኝም ያን ካወቅሁ ወዲያ ነው።»

ትንፍሽ እንዳትል ያለኝ ሰውዬ ከጀርባችን ተጋድሟል። ጎማውን ሌላ ጋ የሚያስለጥፍበትም ጊዜ አልፏል።

«እትዬ፣ ያውቅ ነበር» አልኳት።

ዞራ አየችኝ። የድንጋይዋን ነገር፣ የወይራዋን፣ ምላጩን፣ ጨጨሆ ላይ መተኛቷን ነገርኳት። ብንፍቃት ትነቃለች ያለውንም ነገርኳት። ደምሌ መንዳቱን ረስቶ አፉን ከፍቶ ያዳምጣል።

እንጉዳይ ወደ ቀይዋ ዞረች። «ስተኛ አይቶኝ ነው?» ብላ ብቻ ጠየቀች፤ አዎ አልኳት። የነጠላዋን ጫፍ ያዘችና ጎንበስ ብላ የመቁጠሪያውን መስታወት ወለወለችው፤ ልክ እሱ እንደሚያደርገው። ከዚያ ቀና አለች።

«እለፋት» አለችው ደምሌን።

«ምኗን እቴ?»

«ቀይዋን። የተገዘተው ለቁሙ ነው፤ ሬሳ የገዘተ የለ። እለፋትና ዛሬስ ደስ ይበለው።»

ደምሌ አማተበና ነዳጁን ረገጠ። ቀስቷ ከቀይዋ ተነሥታ ሠላሳን አለፈች። ከላይ የኔታ በመቋሚያቸው የጋቢናውን ጣሪያ ይደበድቡ ጀመር፤ «ቀስ በል! ግዝት ነው! አንተ!» እያሉ ይጮሃሉ።

«አትስማቸው» አለች እንጉዳይ፤ ወንበሩን ደገፍ አለችና መልክኡን ካቆመችበት ቀጠለች።